የእጅጌው ርዝመት

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የቆመችውን ሴት ትከሻ እየለካች ነበር።

"ክንድሽን ዘርጊ" አለቻት በጥርሷ መሃል።

ሴትዮዋ ዘረጋች። እንደ ሁልጊዜው ከላይ የደረበችውን ሰፊ ጂልባብ አላወለቀችም፤ ጣቶቿንም ከእጅጌው አላወጣችም። እዚህ ቤት ሴት ሁሉ ገልጣ ነው የምትለካው፤ መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ወንድ አያልፈውም። ጓንት የሚያደርጉ ደንበኞች እንኳ ገና ሲገቡ ያወልቃሉ። ይህቺ ብቻ ሁለት ዓመት ሙሉ በልብሷ ላይ ስትለካ ቆይታለች። ልብስ ሰፊዋም ዓይን አፋር ናት ብላ ትታታለች።

"እጅጌውስ?"

"ካለፈው ትንሽ ይርዘም እትዬ። ጣቶቼን ይሸፍን።"

"ማሻአላህ! በየልብሱ አምስት ሳንቲ ትጨምሪያለሽ። እንዲህ ከቀጠልሽማ ሁላችንንም ጥለሽን ጀነት መግባትሽ ነው።"

ከመጋረጃው ማዶ ቁልፍ የምትተክለው አሮጊት ሳቀች። አፏ ስለማያርፍ ሰፈርተኛው "ሬዲዮ" ይላታል። "ለእኔም ቦታ ያዢልኝ ልጄ፤ እኔን በዚህ ምላሴ ከበር ነው የሚመልሱኝ!"

ሴትዮዋ ልትስቅ ሞከረች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ወደ አንጓዋ ስታወርድ እጇን ያዝ አደረገቻት። ሴትዮዋ እሳት እንደነካው ሰው ነጠቀቻት፤ እጅጌው ወደ ክንዷ ተሰበሰበ።

ትንሿና የቀለበት ጣቷ ተሰብረው፣ ሳይታሹ፣ ወደ ውጭ ጠመው ገጥመዋል። አንጓዋ ዙሪያውን በልዟል። ልብስ ሰፊዋ ሳታስፈቅድ አንገቷ ላይ የተጠመጠመውን ሻርፕ ዝቅ አደረገችው። እዚያ የአምስት ጣት ምልክት ነበር፤ የትናንት ነው፣ ገና ቀይ ነው።

የመጀመሪያው ልብስ እጅጌ አንጓ ላይ ነበር የሚያልቀው። ሁለተኛው መዳፍ አጋመሰ። ሦስተኛው ላይ አገጭ የሚነካ ኮሌታ ተጨመረ። እሷ ናት የሰፋችው፤ እሷ ናት እያንዳንዱን "ማሻአላህ" እያለች የሸኘችው። እጅና ፊት ቢታይ ነውር እንደሌለበት እናቷ በልጅነቷ ነግራታለች፤ እሷም ለስንቷ ሙሽራ አስረድታለች። ታዲያ እጇን መደበቅ የጀመረችን ሴት ምን ሆነሽ ነው ብላ እንደመጠየቅ፣ ዲንሽ ጨመረ ብላ መረቀቻት።

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። "ማነው?"

"ውጪ ነው ያለው።"

ውጪ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ባሏ ነው። ጎሚስታ ነው፤ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈታና ሲጠግን ይውላል፣ ክንዱ የሰው ጭን ያህላል። አንደበቱ ግን ማር ነበር። "ሴት ልጅ እንቁ ናት እትዬ፤ እንቁ ደግሞ ይሸፈናል" ይላል በመጣ ቁጥር። አንድ ቀን ከእንቁ ወደ ከረሜላ ወርዶ፣ የተሸፈነ ከረሜላ ዝንብ አያርፍበትም ሲል፣ ሬዲዮ "የእኔስ ወረቀት ቢቀደድም ዝንቡ ራሱ ንቆኛል" ብላ ቤቱን በሳቅ አፍርሳው ነበር።

"ትናንት እህቴ ጋ ልሄድ ስል ያዘኝ" አለች ሴትዮዋ በሹክሹክታ። "ልብሱን እስክለካ ነው የታገሰኝ። ዛሬ ቤት ከገባን ይገድለኛል። ነግሮኛል፤ እሱ ያለውን ያደርጋል።"

"አትገቢም።"

ቤቱ ያለው አንድ በር ነው። ልብስ ሰፊዋ በመጋረጃው ጥግ አንገቷን አሾልካ ሬዲዮን ጠራቻትና ጎረቤት ያለውን ፀጉር አስተካካይ እንድትጠራ በጆሮዋ ነገረቻት። አሮጊቷ ፊቷ አመድ መስሎ ተነሳች፤ በጎሚስታው ፊት ቀጥ ብላ አለፈች። ጥፋቱም እዚህ ላይ ነበር። ሬዲዮ በሰው ፊት አንድ ቃል ሳትተነፍስ ስታልፍ በዕድሜዋ የመጀመሪያው ነው። ጎሚስታው አንገቱን አዙሮ ተከተላት በዓይኑ፤ ተነሳ፤ ገባ።

"እትዬ፣ አልጨረሱም እንዴ?"

"አልጨረስንም። አንተ ሂድ። እሷ እዚህ ትቆያለች።"

"ሚስቴ?"

"አዎ፣ ሚስትህ።"

ወደ መጋረጃው ተራመደ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "አንቺ ማነሽ?"

መጋረጃውን ከነዘንጉ ገንጥሎ ጣለው። ልብስ ሰፊዋ መሃል ገባች፤ ቡጢው አፏ ላይ አረፈ። በፊቷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች፣ ከንፈሯ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ደሟ መርፌው በሚወርድበት ብረት ላይ ፈሰሰ። ቀና ስትል የሴትዮዋን ሻርፕ ጫፍ በጡጫው ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ወደ በሩ እየጎተታት ነበር። ሴትዮዋ በጀርባዋ ወድቃ እግሯ ይንፈራገጣል። ሻርፑ አንገቷ ላይ ከረረ። ልብስ ሰፊዋ ይቀደዳል ብላ ጠበቀች፤ አልተቀደደም። ድርብ አድርጋ የቀመቀመችው ራሷ ናት፤ የእሷ ስፌት በዋዛ እንደማይለቅ አገር ያውቃል።

የሴትዮዋ ከንፈር ሰማያዊ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ትልቁን መቀስ አንስታ ተንደረደረች፤ በጡጫውና በአንገቷ መካከል ያለውን ጨርቅ በሁለት ንክሻ ቆረጠችው። ጎሚስታው ሸብረክ ብሎ ወደ ኋላ ሄደና መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ሲነሳ የጋለውን ካውያ ይዞ ነው።

ልብስ ሰፊዋን አንዴ መታት። ካውያው ቅንድቧን ሰንጥቆ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ የጨርቅና የሥጋ ሽታ አንድ ላይ ተነሳ። ሁለተኛውን ሲሰነዝር ሬዲዮ ከኋላው ደርሳ የእጅ አንጓውን ነከሰችው። አምስት ጥርስ ነው የቀራት፤ አምስቱንም ተከለችበት። ጮኸ፤ በክርኑ ደረቷን ደቆሳት፤ አልለቀቀችም። ካውያው ወደቀ። ፀጉር አስተካካዩና ግማሽ ፂሙን የተላጨ ደንበኛው ከነሳሙናቸው ገብተው ተረባረቡበት፤ በስተመጨረሻ በሆዱ አስተኝተው ጉልበታቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉ።

በሩ በሰው ተሞላ።

"ራቁቷን አደረጋችኋት!" ይጮሃል ጎሚስታው አፉ ወለሉ ላይ ተጣብቆ። "ፀጉሯን ሰው እያየው! ሃይማኖት የላችሁም?"

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደንበኛው ዓይኑን ጨፈነ። በሩ ላይ ካሉት አንዱ ሽማግሌ "የባልና የሚስት ነገር ነው፤ ገላግሏቸውና ቤታቸው ይግቡ" አለ። ሁለት ሦስት ሰው "እውነት ነው" አለ። ልብስ ሰፊዋ ደሙ ዓይኗን እየጋረዳት ይህን ሰማች፤ ከካውያው ይልቅ ይኸኛው አስፈራት።

ሬዲዮ ነጠላዋን አውልቃ ሴትዮዋን ሸፈነቻት። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን እያሸች ተቀመጠች፤ ከዚያ ቆመች። ድምፅዋ እንደ ሻካራ ጨርቅ ነበር።

"ፀጉሬን መሸፈን የጀመርኩት አንተን ሳላውቅ ነው። ለጌታዬ ብዬ፣ ወድጄ። ማንም ዱላ አልያዘብኝም። ነገም እሸፈናለሁ።" ሁለት እጇን ከነጠላው ውስጥ አውጥታ ወደ በሩ ዘረጋች። "እጄን ግን ጌታዬ ደብቂ አላለኝም። ያስደበቅከኝ አንተ ነህ። ይኸው፣ ቢታይ ነውር የለበትም። እዩት።"

አዩት። ሽማግሌው ጣቶቿን ካየ በኋላ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"ወድቃ ነው!" አለ ጎሚስታው።

"ሁለት ዓመት ሙሉ?" አለች ሬዲዮ ደም የነካውን አፏን እየጠረገች። "እኔ በዚህ ጉልበቴ እንኳ እንዲህ አልወድቅም፣ ያንተ ያለህ!"

ሽማግሌው "ፖሊስ ጥሩ" አለ።

ፖሊሶቹ መጥተው እጁን አስረው ወሰዱት። ሴትዮዋም ቃሏን ልትሰጥ መሄድ ነበረባት፤ እህቷ ስልክ ተደውሎላት እየሮጠች ደርሳለች። ግን የተቆረጠ ሻርፕ አይለበስም፤ ነጠላውም የሬዲዮ ነው።

"ጨርቅ ምረጪ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

እስከዛሬ ጨርቁን የሚመርጠው እሱ ነበር። ሴትዮዋ መደርደሪያውን ለረጅም ጊዜ አየች። "ያንን ውሃ ሰማያዊውን።"

ልብስ ሰፊዋ አንድ ዓይኗ አብጦ ተደፍኖ፣ በደሙ የተበላሸውን መኪና ትታ ሬዲዮ በምትሠራበት ሁለተኛ መኪና ላይ አራቱን ጠርዝ ቀመቀመች።

"ስፌቱ ጠማማ ሆነ።"

"ይሁን እትዬ።"

"ሁለት ዓመት ማሻአላህ ስልሽ ኖርኩ። ይቅር በይኝ።"

ሴትዮዋ ሻርፑን እያስተካከለች ትንሽ ፈገግ አለች። "እኔም አሜን እያልኩ ነበር እኮ።"

ከእህቷ ጋር ወጣች። ሬዲዮ ቁስሉ መታየት አለበት፣ ሐኪም ቤት እንሂድ እያለች በሩ ላይ ቆማ ትነተርካለች።

"መጣሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ደሙ ከደረቀ የመኪናዬን ብረት ያዝገዋል።"

ብረቱን ፈታች። በእርጥብ ጨርቅ ከስሩ ያለውን የመኪናውን ጥርስ አንድ በአንድ ጠረገች፤ አደረቀች፤ ሁለት ጠብታ ዘይት አንጠባጠበች፤ መልሳ ገጠመችው። ብጣሽ ጨርቅ አስገብታ አንድ መስመር ሰፋች። ክሩ አልዘለለም። ብጣሹን ቆርጣ ጎን ላይ አስቀመጠችውና ተነሳች።