ኅዳጉ የጠበበ ደብዳቤ

የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ስማቸው ተረስቶ «ማስመሪያ» ተብለው ከቀሩ ቆይተዋል። ከግንባር የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ በእሳቸው ማስመሪያ ይለካል። ኅዳጉ ከጠበበ፣ «ጉዳዩ» ካልተሰመረበት፣ ማኅተሙ ፊርማውን ካልነካ፣ ጥጉ ላይ በቀይ «ይስተካከል» ይጽፉና ወደመጣበት ይሸኙታል። ያልተስተካከለ ደብዳቤ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ደግሞ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። እኔ ታይፒስታቸው ነኝ። በዚህ ፀጉር ስንጠቃቸው በልቤ ስንቴ እንደረገምኳቸው ቤት ይቁጠረው።

አንድ ጠዋት ልጃቸው ካለበት ክፍለ ጦር ደብዳቤ መጣ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። «ጉዳዩ፦ በግዳጅ ላይ ስለተሰዋ ወታደር» ይላል፤ ከሥሩ የልጃቸው ስም። ወስጄ ፊታቸው አስቀመጥኩት። አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡት። ከዚያ ማስመሪያቸውን አነሡ።

«ኅዳጉ ጠቧል» አሉ። «ይመለስ።»

መለስኩት፤ ሌላ ምን ላድርግ? ተስተካክሎ ሲመጣ ማኅተሙ ፊርማውን አልነካም አሉ። እሱ ተስተካክሎ ሲመጣ ደግሞ ግልባጩ ለማን እንደሆነ አልተጠቀሰም አሉ።

በዚህ መሀል ባለቤታቸው በየቀኑ ይደውላሉ። ማስመሪያ ስልክ ማንሣት አይወዱም፤ የማነሣው እኔ ነኝ።

«የኔ ልጅ፣ የልጄ የፈቃድ ደብዳቤ አልመጣም? ክፍሉን ቀለም አስቀብቼለታለሁ እኮ። አባቱን ስጠይቀው ገና ነው ይለኛል።»

«ገና ነው፣ እትዬ።»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ግን ደሜ ፈላ። እናት ለሞተ ልጅ አልጋ እያነጠፈች እሳቸው ወረቀት ይለካሉ!

«ጌታዬ፣ እትዬ እኮ እየጠበቁ ነው» አልኳቸው።

«ያልተመዘገበ ነገር ምን ብዬ ልንገራት?» አሉኝ። ድምፃቸው ሰልሏል። አንጀቴን በሉት፤ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ።

ደብዳቤው እንደገና መጣ። ከላይ ለኩት፣ ከጎን ለኩት፣ ወደ መስኮቱ ወስደውም ማኅተሙን አዩት። እንከን አልተገኘበትም። ቀይ እስክሪብቷቸውን ከድነው ኪሳቸው ከተቱ።

«መዝግቢው» አሉኝ። «ለቤተሰብ የሚሄደውንም ጻፊ።»

የባለቤታቸውን ስም ስመታ መስመሩ ተንጋደደ፤ ኅዳጉም የወረቀቱን ጠርዝ ሊነካ ደረሰ። አላስተካከልኩትም። አንድ ቀን እንኳ ቢያተርፍላቸው ብዬ እንዳለ ወሰድኩላቸው። በሥራ ዘመኔ ደብዳቤ እንዲመለስብኝ የተመኘሁት ያኔ ብቻ ነው።

ማስመሪያው እጃቸው ሥር ነበር፤ አልነኩትም። ፈረሙ።

ስልኩ ጮኸ። እጄን ስዘረጋ ቀደሙኝ።

«አዎ» አሉ። «ደብዳቤው መጥቷል።»

የእትዬ የደስታ ጩኸት እኔ ያለሁበት ድረስ ተሰማ። ይሥቃሉ፣ ያመሰግናሉ፣ መቼ እንደሚደርስ ይጠይቃሉ። እሳቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«የፈቃዱ አይደለም» አሉ።