የቀሩት ሁለት መርፌዎች

ጺም የሚላጭ ሰው ደረቱን ወደ ደንበኛው ራስ ካላስጠጋ ምላጩ አይታዘዝለትም። ፀጉር አስተካካዩ ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ ተጠግቶ ሲሠራ ኖሯል፤ ማንም ምንም ብሎት አያውቅም። ያን ቀን ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚላጨው የታክሲ ሾፌር ከወንበሩ ብድግ አለ።

"ኧረ ጋሼ! ሸሚዝዎ ውስጥ ትራስ ወሽቀዋል እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከጎኑ ባለው ወንበር የሚሠራው የሚስቱ ወንድም፣ በምላሱ ስለት "ምላጭ" የሚባለው፣ ነገር ያበረደ መስሎት፣ "ዝም ብለህ ተደገፍ፤ ለትራሱ አናስከፍልም" አለ። ሾፌሩም እየሳቀ ተመልሶ ተደገፈ።

ፀጉር አስተካካዩም አብሮ ሳቀ። ምን ያድርግ? ሳቁ ሳያልቅ ያ የለመደው ትኩሳት ከሆዱ ተነስቶ ወደ አናቱ ወጣ፣ ላብ አጠመቀው፣ አንዷ ጠብታም ከአገጩ ወርዳ ሾፌሩ ከንፈር ላይ አረፈች።

"እትፍ!" አለ ሾፌሩ፤ አፉን በፎጣው ደጋግሞ ጠረገ።

ፀጉር አስተካካዩ ቀና ቢል መስታወት፣ ዞር ቢል መስታወት። ያበጠ ጉንጭ፣ የረጠበ አንገት፣ ከሽርጡ ሥር ሁለት ጉብታ። የሌላ ሰው ገላ አውሰው ያለበሱት መሰለው።

የፕሮስቴት ካንሰሩን በጨረር ካቃጠሉለት በኋላ በየሦስት ወሩ ሆዱ ላይ የሚወጋ የሆርሞን መርፌ ታዞለት ነበር። በሽታው የሚመገበው የወንዱን ሆርሞን ነውና መርፌው ያንን ይነሳዋል፤ ከዚያ ጋር ብዙ ነገር ይነሳዋል፤ ደረቱን ያሳብጣል፣ በላብ ያጠምቀዋል። አሁን ሁለት መርፌ ቀርቶታል፤ አንዱ ነገ ነው። የሚያየው ሁሉ "አምሮብሃል፣ ወፈር ብለሃል" ይለዋል። እሱም ለሚስቱ ወገቤን አመመኝ ብሎ ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመረ ከርሟል።

ማታ ቤት ሲገባ ሚስቱን የትራስ ልብስ ስታጥብ አገኛት።

"ነገ አልወጋም" አላት። "የካንሰሩ የደም ምርመራ ቁጥር ወርዷል ብለውኛል፤ ድኛለሁ። ከእንግዲህ ለምን ልበስብስ?"

"መዳንህን ሐኪሟ ትንገርህ።"

"አንቺስ? አንቺም እንደ ሌላው 'ምንም አልሆንክም' በይኛ!"

ሚስቱ ጨርቁን ጨመቀችና ቀና አለች።

"አልልህም። ያስጠላኛል።"

እሱ ሸሚዙን ደረቱ ላይ ሰብሰብ አደረገ።

"ላብህ ይሸተኛል። ወደ ሶፋው የሄድክ ቀን እፎይ ብዬ ነው የተኛሁት። ሲነጋ ደግሞ እፎይ ማለቴ ራሱ አስጠላኝ። ምን ልበልህ? ልዋሽህ? ብቻ የሞተ ሰው አያልበውም። ከሁለቱ የሚያልበው ይሻለኛል።"

እራቱን ሳይበላ ተኛ። ተቆጥቷል። ሆኖም ከታመመ ጀምሮ ሰው እውነቱን ሲነግረው የመጀመሪያው ነበር፤ ቁጣው ውስጥ እፎይታ የመሰለ ነገር ነበረበት፤ እሱንም ጠላው።

በማግስቱ ከሚስቱ ጋር ሲገባ ሐኪሟ ወረቀቱን ዘርግታ ጠበቀችው።

"አባቴ፣ ቁጥሩ የወረደው መርፌው ይዞትም ሊሆን ይችላል" አለችው። "መርፌው ቆሞ፣ ሆርሞንዎ ተመልሶ፣ ቁጥሩ እዚያው ዝቅ እንዳለ ከቆየ ያኔ ደስ ይለናል። የእርስዎ ካንሰር ኃይለኛ ስለነበር ቢጨርሱት እመርጣለሁ። ግን ገላው የእርስዎ ነው። በቃኝ ካሉ አልቆጣዎትም፤ ደምዎን እየመረመርን እንከታተላለን።"

"ከጨረስኩ ደረቴ ይመለሳል?"

"ላቡ ቀስ በቀስ ይተዋል። ደረቱን ግን ቃል አልገባልዎትም።"

የሚከለክለው ወይም የሚፈቅድለት ሰው ፈልጎ ነበር የመጣው፤ ምርጫውን መልሳ እሱ ላይ ጣለችው። ሾፌሩን አሰበ፤ ከንፈሩን ሲጠርግ ታየው። ታዲያ አሁን ቢያቆም ለማን ብሎ ነው? ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው ምቾት ሲል? ካንሰሩ ተመልሶ ቢመጣ ያ ሰው ሌላ ፀጉር ቤት ሄዶ ይላጫል። የምትቀረው ይቺ ናት። ሚስቱን አያት፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አንቃ ይዛለች።

"ይውጉኝ" አለ። "ያስጠላኛል። እያስጠላኝ ልወጋ።"

"ማን ወዶት ያውቃል?" አለች መርፌውን ይዛ የገባችው ነርስ፤ ሸሚዙን ገለጠችው። ሆዱ በላብ ርሶ ያብለጨልጭ ነበር። ነርሷ ጥጥ እስክታመጣ ሚስቱ ከቦርሳዋ መሀረብ አውጥታ ከእምብርቱ ዙሪያ እስከ ደረቱ ድረስ ጠረገችው። ከዚያ መሀረቡን በሁለት ጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ፣ አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው።

"አይቼሻለሁ" አላት።

"እያየኸኝ ነው የጣልኩት" አለችው።