ባዶው መደብ

ዘይቡ ቁጢጥ ብላ ከስንዴው ሥር ሙጃ ትነቅላለች፤ የነቀለችውን አፈሩን እያራገፈች ከጎኗ ትከምራለች። ከማዶ የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ፍስሐ ሲባጎውን ከችካል ወደ ችካል ወጥሮ፣ ያየውን ደግሞ ያያል። ክረምቱን ሙሉ ከጅማ እስከ ሸቤ በጭነት መኪና፣ ከሸቤ ይህን ዳገት በእግሩ ሲመላለስ ነው የከረመው። ዘይቡ ታከብረዋለች። ጭቃ የነካ ጫማውን ደጅ ሳያወልቅ ቤቷ አይገባም፤ አንዲት ዛላ እንኳ ረግጦ አያልፍም።

ዛሬ ግን ፊቱ ከብዷል።

በዚያ አገር በረት አንድ ቦታ አይተከልም። ከብቱ ያደረበት አፈር ስለሚፋፋ፣ በየጊዜው እየተነቀለ ወደሚቀጥለው ጥግ ይዛወራል። ከብት የሞላለት ሰው ማሳውን ሁሉ ያዳርሳል። ዘይቡ ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀሯት ሁለት ላሞች ናቸው፤ በረታቸው ከጓሮ አያልፍም። ልጆቿን የሚያበላው የላይኛው ማሳ አርጅቶ ዘሩን እንኳ መመለስ አቅቶታል። ፍስሐ ማዳበሪያ የሚባል ጨው መሳይ ነገር ሊሞክር ሲመጣ መሬቷን የሰጠችው ለዚህ ነበር። ከጓሮዋ ጫፍ በረት ደርሶበት የማያውቅ ሁለት መደብ ለካ፤ አንዱ ማዳበሪያ ሊያገኝ፣ አንዱ ባዶውን ሊዘራ። ልዩነቱ ከታየ በሚመጣው ክረምት ማዳበሪያ ለመንደሩ ይመጣል። ካልታየ ፍስሐ ችካሉን ነቅሎ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

ልዩነቱም አልታየም። ሁለቱም መደብ እኩል አድጎ፣ እኩል አዘርዝሮ ቆሟል።

ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም ቲጃኒ፣ አጥሩን ተደግፎ ጎረቤቱን ያስቃል። «የጃንሆይ ጨው ከዘይቡ አፈር ጋር ታግሎ ወደቀ» አለ። «በል ፍስሐ፣ የተረፈህን ወጥ ውስጥ ጨምረው።»

ፍስሐ ሲባጎውን ፈትቶ መጠቅለል ጀመረ።

የዘይቡ እጅ ሙጃው ላይ ቀረ። ሰኔ ላይ ማዳበሪያውን የጫነው መኪና ጭቃ ይዞት ዘሩ ሲዘገይ፣ ባዶውን ይቀራል የተባለውን መደብ ባየች ቁጥር አንጀቷ አልችል አላት። ከሁለት ልጅ አንዱን ብቻ ማጉረስ መስሎ ታያት። በረቱን አንስታ እዚያ አቆመችው፤ ኋላም አፈሩ ተገለባብጦ ታረሰ። ፍስሐ ሲመጣ የሚያየው ነገር አልነበረም፤ እሷም ክፉ የሠራች አልመሰላትም። አሁን ብትናገር የቲጃኒ መሳቂያ ሆና መኖሯ ነው። ዝም ብትል ደግሞ የላይኛው ማሳ እንዳረጀ ይቀራል፤ ይህ ልፋተኛ ሰውም ውሸት ይዞ ይሄዳል።

ተነስታ ሁሉም እንዲሰማት ወደ አጥሩ ቀረበች።

«ዋላሂ ማዳበሪያው አልወደቀም፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ባዶው በተባለው ላይ ላሞቼን አሳደርኩበት። አሳዘነኝ።»

«መሬት አሳዘነሽ?» አለ ቲጃኒ እየሳቀ።

«አዎ። አንተ ከብትህ ብዙ ነው፤ የተራበ መሬት የት ታውቃለህ?»

በዚህ ጊዜ ከቲጃኒ ጋር የሳቀ አልነበረም።

ፍስሐ አልተቆጣም። በእጁ የጀመረውን ጥቅል እንደያዘ ቀረብ አለና፣ «አዴ ዘይቡ፣ በረቱ የት ድረስ ነበር?» ሲል ጠየቃት።

እየመራች ወሰደችው። የሁለት ላም በረት ጠባብ ናት፤ መደቡን ሁሉ አልሸፈነችም። በተረከዟ አፈሩ ላይ መስመር ሳበች። ከመስመሩ ወዲያ፣ ልክ ቲጃኒ ከተደገፈው አጥር ሥር፣ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ከጉልበት በታች ቀርቷል። የአጥሩ ጥላ የጎዳው መስሏቸው ማንም ልብ አላለውም ነበር።

ፍስሐ ተንበረከከና የቀጨጨችውን ዛላ በጣቶቹ መሃል አሻት። ፍሬዋን ቆጥሮ ሲነሳ ፊቱ ፈክቶ ነበር።

«ባዶው መደብ ይኸውና» አለ። «እርስዎ ባይናገሩ ጥላ ነው ብዬ አልፌው ነበር።» ከዚያ ሲታጨድ ማዳበሪያ ያገኘውን፣ በረት የቆመበትንና ባዶውን ጠርዝ፣ ሦስቱንም ለየብቻ እንደሚመዝን፣ የበረቱንም ነገር ሳይደብቅ እንደሚጽፍ አስረዳቸው። ማዳበሪያው ያደረገውን ከዚህ ጠርዝ ጋር አስተያይቶ ያየ ሁሉ ይፈርዳል።

ቲጃኒ ክንዱን ከአጥሩ ላይ አነሳና ከሥሩ ያለውን ስንዴ አንገቱን አስግጎ አየ። ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሳና፣ በአጥሩ ላይ ለፍስሐ አቀበለው።

ዘይቡ መስመሩ ላይ አንዱን ችካል ቀጥ አድርጋ ያዘች፤ ፍስሐ በድንጋዩ መታው። ሲባጎው ተወጥሮ ታሰረ። ዘይቡ በጣቷ ነካ አድርጋ መጥበቁን አየች፤ የከመረችውን ሙጃ አቅፋ ወስዳ ለላሞቿ ጣለችላቸው።