ከጎኑ የሚሄደው ኮቴ

ጫማ ሰሪው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በየማለዳው አንድ ሰዓት በእግሩ ይሄዳል። ለጠየቀው ሁሉ ስኳሬን ላውርድ ብዬ ነው ይላል። እውነቱን የምታውቀው ልጁ ብቻ ናት፤ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ ዳቦውን እየቆረሰ፣ እንደ ዋዛ ነገራት።

«እናትሽ አብራኝ ትሄዳለች። ኮቴዋን እሰማለሁ። ስቆም ትቆማለች።»

ልጅቱ የፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ ለእንዲህ ያለ ወሬ ትዕግሥት የላትም። ዝም ያለችው ስኳሩ በእርግጥም ስለወረደለት ነው።

ከዚያ የግራ ውስጥ እግሩ ቆሰለ። ከጫማው ወለል ብቅ ያለች ሚስማር ናት የወጋችው። አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ጫማ ውስጥ እጁን ሰዶ ሚስማር ሲፈልግ የኖረ ሰው የራሱን ዳብሶ አያውቅም። በየጠዋቱ ገልብጣ፣ አራግፋ፣ ዳብሳ የምትሰጠው ሚስቱ ነበረች። እግሩ በስኳሩ ከደነዘዘ ቆይቷልና ሳምንት ሙሉ ሳያውቀው ሄደበት።

ክሊኒክ ውስጥ ሲስተሯ ፋሻውን አስራ ስትጨርስ «አባባ፣ ቁስሉ እስኪዘጋ በእግር መሄድ የለም» አለችው። «እንቅስቃሴውን ግን አይተዉትም። ወንበር ላይ ተቀምጠው እጅዎን ወደ ላይ ያነሣሉ። ግራ እግርዎ መሬት እንዳይነካ።»

«ተቀምጦ ስፖርት ደግሞ ምን ይሉታል?»

«እግር ማትረፍ ይሉታል።»

በማግስቱ ማለዳ ግን ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ አለ። ልጁ ነጠቀችው።

«ስማኝ አባዬ። የምትሰማው የራስህን ግራ እግር ነው። መሬቱን ስትረግጥ ስለማይታወቅህ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስልሃል። ይኸው ነው፣ በቃ።»

ደንበኛ ገና ደጅ ሳይደርስ የትኛው የጫማው ተረከዝ እንደተበላ ከአረማመዱ የሚያውቅ ጆሮ ነው ያለው።

«የእሷ ቀኝ ተረከዝ በውስጥ በኩል ነው የሚበላው» አለ። «የኔ በውጭ በኩል። እኔ ከተቀመጥኩ እሷ ከማን ጋር ትሄዳለች?»

«እግርህ ከተቆረጠስ ከማን ጋር ልትሄድ ነው? ተቀመጥ።»

ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር አኖረችለት። እያጉረመረመ ተቀመጠ። እሷም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሁለቱንም እግሮቹን ጭኗ ላይ አስደገፈችና እጁን ባነሣ ቁጥር መቁጠር ጀመረች።

ስምንት ላይ ሲደርሱ ከመኝታ ቤቱ በኩል ኮቴ ተሰማ። ቀስ ያለ ነው፤ የቀኙ ተረከዝ ወለሉን ፈተግ ያደርጋል።

ልጅቱ ጭኗን አየች። ሁለቱም እግሮች እዚያው አሉ።

ሊነሣ ሲል ቁርጭምጭሚቱን ጨምድዳ ያዘች።

«ልሂድላት እንጂ።»

«ቁጭ በል። ሁለት ይቀርሃል።»

ኮቴው ኮሪደሩን ይዞ መጣና ከጀርባዋ ቆመ። ማጅራቷን ቀዘቀዛት። ዞራ አላየችም።

«ዘጠኝ» አለች።

ጫማ ሰሪው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እያየ እጁን አወረደ፤ አነሣ።

«አስር።»

«እንደገና ከአንድ ጀምሪ» አላት።