እጅ የማውጣት ልምምድ

ከእርዳታ ድርጅት የምትላከው ጎብኚ ከመምጣቷ በፊት ስምንተኛ ክፍል ሳምንቱን ሙሉ የተማረው እንግሊዝኛ እንዳይመስላችሁ፤ እጅ ማውጣት ነው። አስተማሪው ዳይሬክተሩ ራሳቸው ነበሩ። የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራውን ያወጣል፤ መምህሩም ቀኝ ካወጣው በቀር ማንንም አይጠራም። ለእንግዳ ዓይን ክፍሉ በሙሉ ሊቅ ነው። ዓይን ያወጣ ውሸት ማለት ይቺ ናት!

ቀኝ የምታወጣው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ሬዲዮ ይሏታል። እናቷ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ናት። የእርዳታ ድርጅቱ መጻሕፍትና የጆሮ ማዳመጫ ያስገባበት ክፍል ለተማሪ የሚከፈተው በሳምንት ሁለቴ ነው፤ ሬዲዮ ግን ከእናቷ ጋር ወለል ልትወለውል በየቀኑ ትገባለች። በአንድ እጇ መወልወያ፣ በሌላው መጽሐፍ ይዛ፣ በማዳመጫው የሰማችውን እየደጋገመች በእንግሊዝኛ ምላሷ ተፈታ። ከሦስት ወር በኋላ የሚመጣው ፈተና በእንግሊዝኛ ነው። ካለፈች ትማራለች፤ ከወደቀች የእናቷን መወልወያ ትወርሳለች። ሌላ መንገድ አልነበራትም፤ እሷም ታውቀዋለች።

ጎብኚዋ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። መምህሩ ጠየቀ፤ ስልሳ እጅ ባንዴ ብድግ አለ። ሬዲዮ ተጠርታ እንደ ውኃ አወረደችው። ሴትዮዋ ተደስታ ብዙ አወራቻት፤ ሌላ ልጅ መጥራትም አላስፈለጋትም።

ከዚያ ተማሪው በሙሉ ሜዳ ላይ ተሰለፈና ጎብኚዋ ንግግር አደረገች። ዳይሬክተሩ እንግሊዝኛ ጆሯቸው አይገባም፤ ሴትዮዋ ፈገግ ባለች ቁጥር ያጨበጭባሉ፣ እሳቸው ሲያጨበጭቡ ትምህርት ቤቱ ያጨበጭባል። ሲያልቅ ልጅቱን ወደ ፊት ጠሩና፣ እንግዳዋም ችሎታችንን ትይልን ብለው፣ ተርጉሚ አሏት።

ቃሉ ከተማሪው ሁሉ ከሬዲዮ በቀር የገባው አልነበረም።

"መጻሕፍቱንና ማዳመጫዎቹን ሰኞ ይወስዷቸዋል" አለች። "ሁላችንም ስለቻልን አያስፈልጉንም። እጁን የሚያወጣ ተማሪ ወደሌለበት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።"

ልጅቱ ወደ ጎብኚዋ ዞራ፣ ግራ እጇን አንስታ በእንግሊዝኛ ነገሩን ልታስረዳ ጀመረች። ቋንቋው ባይገባቸውም ግራ እጇ የገባቸው ዳይሬክተር ትከሻዋን ጨመቁት።

"እናትሽ እዚህ እንደምትሠራ አትርሺ" አሉ በለሆሳስ። "አመስግኛት።"

እናቷ ከደረጃው ሥር ባልዲዋን ይዛ፣ ልጄ ተናገረች ብላ ጥርሷ አልከደን ብሎ ቆማለች። ምስኪን! ሬዲዮ አየቻትና አመሰገነች፤ አሳምራ አመሰገነች። ጎብኚዋም ይኼው፣ አላልኩህም? በሚል ዓይን ሾፌሯን አይታ ልጅቱን አቀፈቻት።

የአበሻ ነገር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው፤ ዳይሬክተሩን ደፍሮ የተናገረ አልነበረም። የክፍሉ ልጆች ግን ዕድላችንን በላሽ ብለው ከሬዲዮ አጠገብ መቀመጥ ተዉ።

ሰኞ መኪናው መጣ። የርክክቡ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ነበርና ዳይሬክተሩ ልጅቱን ከክፍል አስጠሯት። በመጻሕፍቱ ክፍል በር ላይ ቆማ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ርዕስ ጮክ ብላ እያነበበች አስጫነች። አንዱንም አልተሳሳተችም።