የሁለት ሰው ዱካ፣ የአንድ ሸርተቴ መንገድ

ሮማና ባሏንና ልጇን ይዛ ለገና ዕረፍት አባቷ ቤት በገባች ማግስት፣ በረቱ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለውን የቤተሰቡን የእንጨት የበረዶ ሸርተቴ ረጥቦ አገኘችው። ከብረት እግሮቹ ውሃ ይንጠባጠባል። ከእሷና ከአባቷ በቀር ደግሞ ከቤቱ ሰው ገና ከአልጋው የወረደ የለም።

አባቷ ኮርቢንያን ሰባ አምስትን አልፈዋል። ባለፈው ፀደይ ዳሌያቸውን ቀዶ ጥገና ከተደረጉ ወዲህ ሸርተቴ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ቢያንስ በስልክ የሚነግሯት እንዲያ ነበር።

«አባዬ፣ ሸርተቴውን ማን ነው ያወጣው?»

«ማን ያወጣዋል! ጣሪያው ያፈሳል» አሉ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ከሚቆርጡት ዳቦ ቀና ሳይሉ።

«ብረቱን ብቻ መርጦ?»

«አይ አንቺ! ድሮም ጥያቄሽ አያልቅ። ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።»

ቀኑን ሙሉ ከባሏ ከሉይስና ከልጇ ከፍሮኒ ጋር በትልቁ ቁልቁለት ሲንሸራተቱ ዋሉ። ኮርቢንያን ከታች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ያውለበልባሉ። ፍሮኒ ና አብረን እንውረድ ብላ እጃቸውን ብትጎትት፣ ዳሌያቸውን አሻሽተው ፊታቸውን አኮማተሩ። ሮማና አባቷን ታውቃቸዋለች፤ እውነት ሲያማቸው ዝም ነው የሚሉት።

ሌሊቱን አዲስ በረዶ ጣለ። ጠዋት ብቅ ብላ ስታይ ከበረቱ በር የተነሳ የሰው ዱካ አጥሩን ተሻግሮ ሄዷል፤ ከጎረቤታቸው ከእትዬ ቴክላ ቤት ከመጣ ትንሽ ዱካ ጋር ተገናኝቶም ጎን ለጎን ወደ ጫካው ወጥቷል። ከጫካው የወረደው ግን አንድ የሸርተቴ መስመር ብቻ ነው።

ሮማና ቆማ ቀረች። በእነሱና በእትዬ ቴክላ ቤት መካከል ባለች ቁራጭ ሜዳ የተነሳ ሁለቱ ቤቶች ከተኳረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏል። በልጅነቷ ኳሷ ወደዚያ ግቢ ከገባች እዚያው ትቀራለች እንጂ ሄዶ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሉይስን ቀሰቀሰችው። «ሁለት ሰው ወጥቷል፤ የወረደው ግን አንድ ሸርተቴ ነው!»

«እና ምን ይጠበስ?» አለ ብርድ ልብሱን እየተከናነበ። «ተያቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው።»

እሷን ግን ነገሩ አልተዋትም። በማግስቱ ማለዳ የበረቱ በር ሲጢጥ ሲል ሰምታ፣ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ዱካውን ተከተለች። ሽቅቡ ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ድሮ እረኞች በበጋ ያድሩበት ከነበረው ጎጆ ስትደርስ የጭቅጭቅ ድምፅ ሰማች።

«ወደ ግራ ስልህ ወደ ግራ ተጋደም! እንደ ጆንያ አትገተር!»

«ዳሌዬ የብረት መሆኑን አትርሺ እንጂ!»

እትዬ ቴክላ በርከክ ብለው የሸርተቴውን እግር እንዲያንሸራትት በሻማ ያሻሉ። ኮርቢንያን ልጃቸውን ሲያዩ፣ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እንግዲህ አየሽን» አሉ። «በዕረፍትሽ ማብቂያ፣ የሰብአ ሰገል በዓል ዕለት፣ የሽማግሌዎች ውድድር አለ። ሁለት ሰው ካልሆነ አያስገቡም። ድሮ ከናትሽ ጋር ነበር…»

«እኔም ከሟቹ ባሌ ጋር» አሉ እትዬ ቴክላ። «ሆስፒታል ስፖርት ሊያሠሩን አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጡን። እሱ ዳሌውን፣ እኔ ጉልበቴን። ስንደመር አንድ ደህና ሰው ይወጣናል አልነው።»

«ሜዳውስ?» አለች ሮማና።

ኮርቢንያን ቁልቁል አዩ። «በረዶ ለብሷል፤ ድንበሩን ማን ያየዋል?»

«ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ እንጣላለን» አሉ እትዬ ቴክላ በቁም ነገር።

ሮማና ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ዳሌህ ቢሰበርስ፣ እኔ ከተማ ሆኜ ማን ያነሳሃል ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ለመሆኑ መታጠፊያዎቹን እንዴት ነው የምታልፏቸው?»

ሁለቱም ፊታቸው በራ። «ነይ፣ ቁጭ በይ! ከኋላ ሆነሽ በተረከዝሽ ፍሬን ትይዢልናለሽ።»

ሦስቱ ተጣበው ተቀመጡ። ሸርተቴው መጀመሪያ አንገራገረ፤ ከዚያ አፈተለከ። ነፋሱ ዓይኗን አስነባት፤ ዛፎቹ በግራ በቀኝ ሽው ይላሉ። የአባቷ ጀርባ ፊት ለፊቷ ወዲህና ወዲያ ሲዘነበል፣ መሪ የሌለው ይህ እንጨት የሚታጠፈው በሰው ክብደት መሆኑ ገባት። እሷም አብራ ተዘነበለች። የመጀመሪያዋን መታጠፊያ አለፏት፤ ሁለተኛዋንም።

ሦስተኛዋ ላይ «ግራ!» ብለው እትዬ ቴክላ ጮኹ። ኮርቢንያን ወደ ቀኝ ተጋደሙ። ሸርተቴው ሦስቱንም በረዶ ክምር ውስጥ ዘርግፎ ባዶውን ወረደ።

ሮማና አባቷ ሲጠፉባት «አባዬ! አባዬ!» እያለች በእጇ ትምስ ጀመር።

«የቱ ግራ?» የሚል ድምፅ ከበረዶው ስር መጣ። «የኔ ነው ያንቺ?»

«የእግዜር ነዋ! ሁለታችንም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የምናይ፣ አንተ ደንቆሮ!»

ሮማና በረዶው ላይ ተዘርራ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

በውድድሩ ሁለቱ አዛውንቶች ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጡ። እነሱን ተከትለው የደረሱት ጥንዶች መንገድ ላይ ቆመው ፎቶ ሲነሱ ነበርና ብዙ አያኮራም። ፍሮኒ ግን ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸችላቸው።

ማታ እትዬ ቴክላ ለእራት መጡ። ደጃፉ ላይ ጥቂት ካመነቱ በኋላ ገብተው ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤቱን ዙሪያውን ቃኙት።

«ይኸው ነው? እኔ እኮ በመስኮቱ የመብራታችሁን ብርሃን እያየሁ፣ ውስጡ ምን ይመስል ይሆን እያልኩ ነው ያረጀሁት። እንዲህ ጠባብ ነው እንዴ?»

«ምድጃው ነው ያጣበበው» አለች ሮማና። «ጓዳውንስ አያዩትም?»

«ካሳየሽኝማ!» ብለው ከፊቷ ቀድመው ገቡ።