የጠፋው ንፍፊት

የመሪጌታ ሣህለ ማርያም አንገት ያበጠው በ1990 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መሪጌታ ቢቸና ላይ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው የተወደደ፣ ዕድሜያቸው ገና አርባ ያልደፈነ ሰው ነበሩ። ከጆሯቸው ሥር እስከ ማጅራታቸው፣ በግራም በቀኝም፣ ባቄላ ባቄላ የሚያካክል እብጠት ወጣባቸው። አያምም፤ ሲዳስሱት ከቆዳው ሥር ሸርተት ይላል። ጥቂት ሰንብቶ በብብታቸውም ወጣ።

ባለቤታቸው ወለተ ገብርኤል አልደነገጠችም።

«ንፍፊት ነው፤ አያስቡ» አለቻቸው። «እኔም ካገባሁዎት ጀምሮ ነበረብኝ። ይኸው አሁን በራሱ ጊዜ እየሟሸሸ ነው።»

እውነቷን ነበር። ወለተ ገብርኤል መሪጌታን ያገባችው የመጀመሪያ ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ያ ሰው ሹፌር ነበር፤ ደጀን ላይ ታመመና ከስቶ ከስቶ እዚያው ሞተ። ሰው «ሳንባ ነው» አለ፤ እሷም ሳንባ ነው ብላ ቀበረችው። የመሪጌታ ዘመዶች «ባል የቀበረች ሴት ምን ትሆንዎታለች?» ብለው ተቃውመው ነበር። እርሳቸው ግን ወደዷትና አገቧት። ልጅ አልሰጣቸውም እንጂ ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

መሪጌታ ጠበል ገቡ። አልጠፋም። በዓመቱ ፍልሰታን እንደገና ገዳም ወርደው ሱባኤ ያዙ። ሲመለሱ ገና በሩ ላይ ሆነው ተጣሩ።

«ወለተ ገብርኤል! ነይ እስቲ ዳስሺኝ!»

ዳሰሰቻቸው። አንገታቸው ለስላሳ ነው፤ ብብታቸውም እንደዚያው። እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤቷ ሸዋነሽ ሮጣ መጣች። በግ ታረደ፤ ተማሪውም ማኅበርተኛውም ጠግቦ በላ። መሪጌታ ፈጣሪያቸውን የሚያመሰግን ቅኔ ተቀኙ።

ከዚያ ወዲህ ግን ሰውነታቸው መሟጠጥ ጀመረ። ተቅማጡ አልቆም አለ። ምላሳቸው ላይ ነጭ ነገር ተጋገረና መዋጥ አቃታቸው። ለመስቀል ማሕሌት ቆመው ሳለ ድምፃቸው ተዘጋ፤ ደግፈው አስወጧቸው። ወለተ ገብርኤል በአውቶቡስ ሞጣ ወሰደቻቸው። ሰማው የሚባል ሐኪም እዚያ ትንሽ ክሊኒክ ነበረው። አይቷቸው ደም ቀዳ፤ ደሙን ባሕር ዳር ልኮ ቀን ቀጠራቸው።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ከፊታቸው ተቀመጠ።

«መሪጌታ፣ ደምዎ ውስጥ ኤችአይቪ ተገኝቷል።»

መሪጌታ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው፣ «ኧረ እኔ በዕድሜዬ ከአንዲት ሴት በቀር አላውቅም» አሉ። ማንንም ለመወንጀል ብለው አልነበረም፤ እውነታቸውን ነው የተናገሩት። ወለተ ገብርኤል ግን እንደ ጩቤ ተሰማት።

«እብጠቱ እኮ ጠፍቶላቸው ነበር!» አለች ወደ ሐኪሙ ዞራ። «ድነው ነበር!»

«እኅቴ፣ እነዚያ ዕጢዎች በሽታ የሚከላከልልን ሠራዊት የሚሰፍርባቸው ቦታዎች ናቸው። ያበጡት ሲዋጉ ነው። መሟሸሻቸው ደግሞ ሁልጊዜ መዳን አይደለም። አንዳንዴ ሠራዊቱ ሲያልቅ ሰፈሩም ይጠፋል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ለአፋቸውና ለተቅማጡ እሰጣለሁ። ዋናውን በሽታ የሚይዘው መድኃኒት ግን እኛ ጋ አልደረሰም።»

ወለተ ገብርኤል ነጠላዋን ከአንገቷ ላይ ገፈፈች።

«እስቲ እኔንም ይዩኝ።»

ሐኪሙ ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ በሁለት እጁ ዳሰሳት። ምንም አላገኘም።

«አንቺም አብጦብሽ ነበር?»

«ነበር። ከእርሳቸው ቀድሞ ጠፋልኝ።»

እጁን አነሳ፤ ዓይኗን ማየት አልቻለም። «አንቺም ብትመረመሪ ጥሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ግድ የለም። ገብቶኛል።»

በአውቶቡስ ወደ ቢቸና ተመለሱ። ቤት ገብተው መሪጌታ መደቡ ላይ ጋደም አሉና ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተከሉ።

«ታውቂ ነበር?»

«በሥላሴ ስም! አላወቅሁም።»

«አምኜሻለሁ። በይ እንግዲህ ተይው።»

አላባረሯትም፤ አልረገሟትም። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ መኝታቸውን ለዩ። ስታጎርሳቸው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ፊቷን ግን አያዩም። ቢሰድቧት፣ ቢመቷት በወደደች ነበር። አንድ ቀን እግራቸውን እያጠበች፣ «እባክዎ አንድ ነገር ይናገሩኝ» ብላ አለቀሰች። ወደ ግድግዳው ዞሩ። ወሬው እየተሰማ ሲሄድ ተማሪዎቻቸው ሌላ የኔታ ፍለጋ ተበተኑ።

መሪጌታ በጥር አረፉ። ለተዝካሩ ወለተ ገብርኤል ያላትን ሁሉ አውጥታ ደገሰች። ቄስ አካለ ወልድ መጥተው ማዕዱን ባረኩ፤ ባርከውም «ጾመኛ ነኝ» ብለው ሄዱ። ቀኑ ግን ጾም አልነበረም። ሌላውም ሰው ከዳሱ ደጅ ቆሞ አጎንብሶ ሸሸ። ሸዋነሽ ብቻ ገብታ ተቀመጠች፤ እሷም እንጀራውን ቆርሳ በእጇ እንደያዘች ቆየችና መልሳ አኖረችው።

«አትቀየሚኝ» አለች እያለቀሰች። «ልጆች አሉኝ።»

ክረምቱ ሲገባ ወለተ ገብርኤልም አልጋ ያዘች። ሸዋነሽ ምግቡን በራፍ ላይ እያስቀመጠች ተጣርታ ትመለስ ነበር፤ አንድ ጠዋት የትናንቱን ሳይነካ አገኘችው። የመሪጌታ ዘመዶች ከጎናቸው እንዳትቀበር ከለከሉ። ከቅጥሩ ዳር፣ እንግዳ ሰው በሚቀበርበት በኩል ጉድጓድ ተማሰላት።